«ጨው አነሰ» ሲል ማሽኑ የለካው ምንድን ነው?

በጨው የሚሠራ መዋኛ ገንዳ ያላቸው ሰዎች በየዓመቱ የሚያዩት መብራት አለ፤ «ጨው አነሰ» የሚለው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ገንዳው የብርዱን ወራት ተሸፍኖ ይከርምና ሙቀቱ ሲመጣ ይከፈታል። መብራቱ የሚበራውም ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው። ባለቤቱ ወዲያው መደብር ሄዶ ጨው በከረጢት ያመጣል፤ ገንዳው ውስጥ ይገለብጠዋል። ይህ ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል፤ ጨው መጨመር ቀላል ነው፣ የጨመሩትን ማውጣት ግን ውኃውን ከመድፋት ሌላ ዘዴ የለውም።

ገንዳው የጨው ይባል እንጂ ውኃውን የሚያጸዳው ያው ክሎሪን ነው። ልዩነቱ ክሎሪኑ እዚያው መመረቱ ነው። ውኃው ፓምፑንና ፊልተሩን አልፎ ሴል በሚባለው ዕቃ ውስጥ ይገባል። ሴሉ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በሩቴኒየም ኦክሳይድ የተለበጡ ስስ የታይታኒየም ዝርግ ብረቶች ተደርድረዋል። በመካከላቸው ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ከጨዋማው ውኃ በአንዱ ብረት ላይ ክሎሪን፣ በሌላው ላይ ሃይድሮጅን ይወጣል። ክሎሪኑ ጀርሙን ገድሎ ሥራውን ሲጨርስ ተመልሶ የጨው አካል ይሆናል። ስለዚህ ክሎሪን በማምረት ጨው አያልቅም። ውኃው በፀሐይ ቢተንም ጨው እዚያው ይቀራል። ጨው የሚቀንሰው ውኃው ራሱ ሲወጣ ነው፦ ፊልተሩ ሲታጠብ፣ ዝናብ ገንዳውን ሞልቶ ሲያፈስሰው፣ ለክረምቱ ተብሎ ውኃው ዝቅ ሲደረግ፣ አለዚያም ቧንቧ ሲያፈስ። ጨዉ በበጋም በየወሩ በርግጥ የሚቀንስ ከሆነ ከረጢት ከመግዛት በፊት የሚያፈስሰውን ቦታ መፈለግ ይሻላል።

አሁን ወደ መብራቱ እንምጣ። ለምሳሌ በአሜሪካ በብዛት የሚታየው አኳራይት የተባለው የሄይዋርድ ኩባንያ ክሎሪን ማምረቻ ማሽን ከ2,700 እስከ 3,400 ፒፒኤም ጨው ይፈልጋል፤ የሚስማማው 3,200 ነው። አንድ ፒፒኤም በአንድ ሊትር ውኃ አንድ ሚሊግራም ማለት ነው፤ የባሕር ውኃ 35,000 ገደማ አለው። ማሽኑ ግን ጨውን ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በሴሉ ውስጥ ስንት አምፔር እንዳለፈ ያያል፣ ቮልቴጁንና የውኃውን ሙቀት ያገናዝባል፣ ከዚያ የጨውን መጠን በስሌት ይገምታል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን ያዳከመ ነገር ሁሉ በሰሌዳው ላይ «ጨው አነሰ» ሆኖ ይወጣል።

አንዱ ብርድ ነው። ውኃ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀዘቀዘ ቁጥር ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ በ2 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ማሽኑ ይህን ለማረም የሙቀት ሴንሰር አለው፤ ሴንሰሩ ከተበላሸ ግን ስሌቱም አብሮ ይሳሳታል።

ሌላው በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚይዘው ያለ ነጭ ቅርፊት ነው። የውኃው ፒኤች ከ7.8 በላይ ሲወጣ ካልሲየም በብረቶቹ ላይ ይጋገራል፤ የጨው ገንዳ ደግሞ ፒኤቹ ወደ ላይ የመሄድ ጠባይ አለው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከማሽኑ ውጭ መለካት ነው። በጠብታ የሚሠራውን መመርመሪያ እመርጣለሁ። 10 ሚሊሊትር የገንዳ ውኃ በብልቃጥ ይቀዳል፤ አመልካቹ ሲጨመርበት ቢጫ ይሆናል። ከዚያ ሲልቨር ናይትሬት እየተነቀነቀ በጠብታ ይጨመራል። ቢጫው ወደ ሸክላ ቀለም ተለውጦ ሲቀር ቆጠራው ይቆማል። በተለመደው ኪት አንድ ጠብታ 200 ፒፒኤም ስለሆነ 16 ጠብታ 3,200 ነው።

ጨዉ በእውነት አንሶ ከተገኘ ሒሳቡ ቀላል ነው። 50,000 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ከ2,400 ወደ 3,200 እንዲደርስ 40 ኪሎ ጨው ይበቃዋል። ጨዉ ንጹሕና ምንም ያልተቀላቀለበት ይሁን። ሴሉ ጠፍቶ፣ ፓምፑ ግን እየሠራ ጨዉ በገንዳው ዙሪያ ይበተናል፤ እንደገና የሚለካውም ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። ሳይሟሟ መለካት ሌላ ከረጢት ያስገዛል።

ጨዉ በቂ ሆኖ ሳለ መብራቱ ከበራ ኤሌክትሪኩ ይጥፋ፣ ሴሉ ተፈትቶ ወደ ብርሃን ይታይ። በብረቶቹ መካከል ነጭ ነገር ካለ በውኃ ግፊት ወይም በቀጭን እንጨት ይወገዳል፤ ብረት ግን አይነካውም። እምቢ ካለ 1 እጅ ሙሪያቲክ አሲድ በ4 እጅ ውኃ ይበጠበጣል፤ አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ በፍጹም አይጨመርም። ጓንትና የዓይን መከላከያ ግድ ነው፤ ሥራውም ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሁን። ሴሉ በብጥብጡ ውስጥ ሲነከር ቅርፊቱ ይንጨረጨራል፤ አረፋው ሲቆም ሥራው አልቋል፣ ሴሉ ወጥቶ ይታጠብ። «ለጥንቃቄ» ብሎ ማቆየትም ሆነ ንጹሑን ሴል በየጊዜው በአሲድ ማጠብ ልባጡን ይበላዋል።

ውኃው ሞቆ፣ ሴሉ ጸድቶ፣ የጠብታው ምርመራ 3,200 እያለ ማሽኑ 2,300 የሚል ከሆነና ሴንሰሩም ጤነኛ ከሆነ ልባጡ አልቋል ማለት ነው። አንድ ሴል ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ዓመት ያገለግላል። እዚህ ላይ ጨው ጨምሮ መብራቱን ማጥፋት ይቻላል፤ ተጨማሪው ጨው ለደከመው ሴል አምፔሩን ከፍ ያደርግለታልና። ነገር ግን ውኃው በዚህ መንገድ 4,800 ከደረሰ በኋላ አዲስ ሴል ሲገጠም ማሽኑ ትክክለኛውን መጠን አንብቦ «ጨው በዛ» ይላል። ያኔ ወደ 3,200 ለመመለስ የገንዳውን ውኃ አንድ ሦስተኛ፣ ከ50,000 ሊትሩ ወደ 17,000 የሚጠጋውን፣ ደፍቶ በንጹሕ ውኃ መተካት ያስፈልጋል።