የሌሊቱ ተረኛ፦ የሳይበር ደህንነት ክትትል ጀማሪ ባለሙያ ምን ይሠራል?



ከኮምፒውተር ነክ ትምህርት ክፍሎች ልትመረቁ የተቃረባችሁ ብዙዎቻችሁ «ሳይበር ሴኩሪቲ መግባት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ትላላችሁ። አንዱ የታወቀ በር የክትትል ክፍል ነው። በሙያው ቋንቋ «ሶክ» ይባላል።

ሥራው ምንድን ነው?

በአንድ ባንክ ያሉ ሰርቨሮች፣ ኮምፒውተሮችና ፋየርዎሎች የሚከናወንባቸውን ነገር ይመዘግባሉ። መዝገቡ «ሎግ» ይባላል። ሎጎቹ በአንድ ሶፍትዌር ይሰበሰቡና አጠራጣሪ ነገር ሲገኝ ማንቂያ ይወጣል። የጀማሪው ሥራ ማንቂያዎቹን አንድ በአንድ መርምሮ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት፣ የውሳኔውን ምክንያት መጻፍና ከበድ ያለውን ለሁለተኛ ደረጃ ባለሙያ ማስተላለፍ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በአንዲት የሒሳብ ሠራተኛ አካውንት በ5 ደቂቃ ውስጥ 200 ጊዜ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ገባ እንበል። ዊንዶውስ ይህን በቁጥር 4625 ይመዘግባል። ምናልባት ሠራተኛዋ የይለፍ ቃሏን ቀይራ፣ አሮጌው በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ነገር ታጣራላችሁ፦ ሙከራው ከየት አድራሻ መጣ? ሌሎች አካውንቶችስ ተሞክረዋል? ከዚያ በኋላ 4624፣ ማለትም የተሳካ መግቢያ አለ? አድራሻው የማይታወቅ ከሆነና 4624 ከተከተለ፣ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ላይ ማስተላለፍ ነው።

ከባዱ ነገር መሰላቸት ነው

አብዛኛው ማንቂያ ሐሰተኛ ነው። ዘጠና ዘጠኙን ያየ ሰው መቶኛውን ሳያይ ሊዘጋው ይቃጣዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. ታርጌት የተባለው የአሜሪካ የመደብር ድርጅት ሲጠቃ መከላከያ ሶፍትዌሩ አስጠንቅቆ ነበር። በህንድ ባንጋሎር ያለው የክትትል ቡድን አይቶ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት አስተላልፏል፤ እዚያ ግን በጊዜው እርምጃ አልተወሰደም። የ40 ሚሊዮን ካርዶች መረጃ ተሰረቀ። ማሽኑ ቢጮህም ሰው ካልሰማው ዋጋ የለውም።

ሰላትና ሺፍት

ብዙ ሶኮች 24 ሰዓት ስለሚሠሩ የሌሊት ተራ አይቀርም። ስክሪኑ ያለ ጠባቂ አይተውም። ስለዚህ ለሰላት ስትነሱ ማን እንደሚተካችሁ ከባልደረባችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ስለ ጁሙዓና ስለ ረመዳን ሺፍት ደግሞ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በግልጽ ጠይቁ።

አማና

በዚህ ወንበር የተቀመጠ ሰው የሌሎችን ኢሜይልና የገቡበትን ድረ ገጽ ሊያይ ይችላል። ለምርመራው ከሚያስፈልገው በላይ አለመመልከት፣ ያዩትንም አለማውራት አማና ነው።

ዛሬ ምን ልጀምር?

የኔትወርክ መሠረታዊ እውቀት፣ ዊንዶውስና ሊኑክስ ይቅደሙ። ከዚያ ዋየርሻርክንና ዋዙህን በነፃ አውርዳችሁ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ተለማመዱ። ያያችሁትን በአጭሩ በእንግሊዝኛ መጻፍም ልመዱ፤ የሥራው ግማሽ ሪፖርት ነው። በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ወይም በጓደኛ አካውንት ላይ ግን እንዳትሞክሩ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን በወንጀል ያስጠይቃል፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ያለበትን ሰው ደግሞ ጠባቂ አድርጎ የሚቀጥር የለም።

አላህ ጠቃሚ እውቀት ይወፍቀን።