ስለ ገብስ ብቅልና ስለ ሕዋስ ሞት

በአጅባር ደጋ ለጠላ የሚሆን ገብስ ተነክሮ ሲበቅል በፍሬው ውስጥ ሥርዓት ያለው ሞት ይጀምራል። ይኸውም ከገለባው ሥር ያለው የስስ ሽፋን ሕዋሳት ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠውን ኢንዛይም ለቡቃያው ካፈሰሱ በኋላ ማንም ሳይነካቸው ይሞታሉ፤ ጠማቂዋም ስኳሩን ቡቃያው ሳይጨርስባት ብቅሉን ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። ይህን ሞት ጥፋት ነው ማለት አይገባም።

በሰውም እንዲሁ ነው። የፅንስ እጅ በመጀመሪያ እንደ መቅዘፊያ ድፍን ሲሆን፥ በመካከሉ ያሉት ሕዋሳት ሲሞቱ ጣቶቹ ይለያያሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ኬር፥ ዋይሊና ከሪ የተባሉ ሊቃውንት ይህን ሞት አፖፕቶሲስ ብለው ሰየሙት። መሞት የሚገባው ሕዋስ አልሞትም ብሎ ሲራባ ግን ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ በ2016 በአሜሪካ የተፈቀደው ቬኔቶክላክስ የተባለ የደም ካንሰር መድኃኒትም ይህን እምቢታ የሚያጸናውን ፕሮቲን አግዶ ሕዋሱን ወደ ሞቱ ይመልሰዋል።