ኃይሌን የሆነው ልጅ

አሰላ ሲባል ሩጫ ትዝ የማይለው ሰው የለም። ፊልም ትዝ የሚለው ግን ጥቂት ነው። በግንቦት 1991 ዓ.ም. የአሜሪካው ዋልት ዲዝኒ «ኢንዱራንስ» የተባለ የ83 ደቂቃ ፊልም ለአገሩ ሲኒማ ቤቶች አቀረበ። ቃሉ በእኛ ጽናት ማለት ነው። ታሪኩ የአሰላው ሯጭ የኃይሌ ገብረሥላሴ ነው፤ ራሱን ሆኖ የተጫወተውም ኃይሌ ነው። እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው ሰምቷል። እኔ ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው ከኃይሌ ጎን የቆሙትን ነው። በአንድ ፊልም ብቻ ታይተው ወደ ኑሯቸው የተመለሱትን፣ የትወና ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ የሆሊዉድ ፊልም የተሸከሙትን የአርሲ ሰዎች።

በሲኒማ ዓለም መሪ ተዋናይ አለ፣ ረዳት ተዋናይም አለ። መሪውን በስሙ እንጠራዋለን። ረዳቱን «ያ እንኳ፣ በዚያ ፊልም አባትየውን ሆኖ የሠራው» እያልን በፊቱ እናስታውሰዋለን። ፊልምን እውነት የሚያስመስለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ስሙ የማይጠራ ሰው ነው። መሪው ተዋናይ ኮከብ መሆኑን እያወቅን ስለምናየው ሙሉ በሙሉ አናምነውም፤ ከበስተጀርባው ሸክሟን ተሸክማ የምታልፈውን ሴት ግን ያለ ጥርጥር እናምናታለን። የውጭ ፊልም ሠሪዎች ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ለረጅም ጊዜ ከእኛ የፈለጉት መልክዓ ምድሩንና አላፊ አግዳሚውን ነበር። ደበበ እሸቱ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ላይ ስም ያለው ሚና ሲያገኝ፣ ያ በራሱ ትልቅ ነገር ሆኖ የተቆጠረው ለዚህ ነው። እርሱ ግን መድረክ ላይ ያደገ ባለሙያ ነበር። የአሰላዎቹ ነገር ሌላ ነው።

ልጁን ኃይሌን የተጫወተው ዮናስ ዘርጋው ይባላል። ኃይሌ አጎቱ ነው። የኃይሌን እናት የተጫወተችው የኃይሌ እህት ናት። አባትየው ለሁለት ሰው ተከፍሏል፤ አንዱ በጉልምስናው፣ ሌላው በሽምግልናው ዘመን ይታያል። የኃይሌ ባለቤት ዓለም ጥላሁንም ራሷን ሆና ገብታለች። የተዋንያኑ ዝርዝር ሲነበብ የሰርግ ጥሪ ወረቀት ይመስላል፤ ቤተ ዘመድ ነው።

ከእነዚህ ሚናዎች ሁሉ እኔን አላስተኛ ያለኝ የእናትየው ነው። ኃይሌ እናቱን ያጣው ገና ልጅ ሳለ ነው። ፊልሙም ይህን ሞት አላለፈውም። እንግዲህ አስቡት፤ አንዲት ሴት ካሜራ ፊት ቆማ የገዛ እናቷን ትሆናለች። የእናቷን ሥራ ትሠራለች፣ እናቷ ልጆቿን በምታይበት ዓይን ልጁን ታያለች፣ በመጨረሻም የእናቷን ሞት ትሞታለች። በአገራችን ባህል የሟችን ልብስ ለብሶ፣ አነጋገሩን ቀድቶ ሐዘንተኛ ፊት መቆም ቀላል ነገር አይደለም። ለቅሶ ቤት አልቃሽ የሟችን መልክና ሙያ በቃል ትስላለች እንጂ ሟችን አትሆንም። ይህች ሴት ግን ሆነች። የትወና መምህራን «ገጸ ባሕርይውን ከውስጥህ አውጣው» እያሉ ተማሪን ዓመታት ያደክማሉ። እርሷ ከውስጧ የምታወጣው ሩቅ አልነበረም። ይህን ሚና ከአዲስ አበባ ወይም ከሎስ አንጀለስ የመጣች ዝነኛ ተዋናይት ብትጫወተው ኖሮ ምናልባት የበለጠ እናለቅስ ይሆናል፤ የምናምነው ግን ያነሰ ይሆን ነበር።

ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊው ሌስሊ ዉድሄድ ዝምድናን እንደ ተዋንያን ቡድን መጠቀም የመረጠው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ይህ ሰው ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወደ ኦሞ ሸለቆ እየተመላለሰ፣ ከአንትሮፖሎጂ ተመራማሪው ዴቪድ ተርተን ጋር ስለ ሙርሲዎች በርካታ ዘጋቢ ፊልሞች ለእንግሊዙ ግራናዳ ቴሌቪዥን ሠርቷል። የተናጋሪውን ንግግር ሳይቆርጥ መስማትን፣ ሽማግሌ ተነሥቶ እስኪናገር መጠበቅን የለመደው እዚያ ነው። አሰላ ሲመጣም ይህ ትዕግሥት አብሮት መጣ። ፊልሙ ንግግር የሚበዛበት አይደለም። ሰው ሲሠራ፣ ሲሄድ፣ ሲሮጥ ይታያል።

ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ቴረንስ ማሊክ መሆኑን ስሰማ ነገሩ ይበልጥ ገባኝ። ማሊክ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው «ዴይስ ኦፍ ሄቨን» የቴክሳስን የስንዴ ማሳ እንደ አንድ ገጸ ባሕርይ አድርጎ ያሳየ ሰው ነው። አርሲ ደግሞ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ኢተያ ሽቅብ የወጣ መንገደኛ፣ ቁሉምሳን አልፎ አሰላ እስኪገባ ድረስ ግራና ቀኝ የሚያየው ማሳ ነው፤ ከወደ ምሥራቅ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው ጭላሎ ደመናውን ተከናንቦ ይታያል። በመኸር ሰዓት ያ ሁሉ መስክ ወርቅማ ይሆናል። እንዲህ ያለ ምድር ካሜራ ሲገባበት ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይጫወታል። አንዳንዱ ተመልካች ፊልሙ ዘገየብኝ ይል ይሆናል። እኔ ግን መዘግየቱ ትክክል ነው እላለሁ። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበት ርቀት ረጅም ነበር፤ ርቀቱን በሦስት ሰከንድ የሚያሳይ ፊልም ስለዚያ ሕይወት የነገረን ነገር የለም።

ኃይሌ የተወለደው ሚያዝያ 10 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው፤ ከአሥር ልጆች አንዱ ሆኖ በገበሬ ቤት አደገ። ትምህርት ቤቱ ከቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር፤ ደርሶ መልሱ 20 ነው። ደብተሩን በግራ ክንዱ ሸጉጦ ይሮጥ ስለነበር፣ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን እንኳ ግራ ክንዱ ወደ ሰውነቱ ጠጋ ብሎ የታጠፈ ነው። ይህ ለሯጭ ጉድለት ሊባል ይችላል፤ ለተዋናይ ግን ሀብት ነው። የአንድን ሰው አካሄድ በትክክል መያዝ የትወና ግማሹ ነው። ዮናስ ይህን የሚማርበት መጽሐፍ አላስፈለገውም። በዚያ ደጋ እንደ አጎቱ የሚሮጥ ልጅ ማግኘት አያስቸግርም።

የፊልም ሥራን በቅርብ ያላየ አንባቢ እንዲህ ዓይነቱ ሚና ቀላል ሊመስለው ይችላል። አይደለም። በፊልም አንድ ሩጫ አንድ ጊዜ ተሮጦ አይበቃም። ካሜራው ከፊት ይቀርጻል፣ ከዚያ ከጎን፣ ከዚያ ከሩቅ ኮረብታ ላይ። ካሜራው ቦታ በለወጠ ቁጥር ልጁ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ይሮጣል፤ ያውም የመጀመሪያው ጊዜ ያህል ትኩስ ሆኖ። ፀሐይዋ ከተንቀሳቀሰች ጥላው ስለሚለወጥ ነገ በዚያው ሰዓት ይደገማል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ከቆላ የመጣ ልጅ ቢሆን ሦስተኛው ድግግሞሽ ላይ ትንፋሹ ፊቱን ያበላሸው ነበር። የደጋ ልጅ መመረጡ ለመልኩ ብቻ ሳይሆን ለሳንባውም ነው። ደግሞም ካሜራው ከሩቅ ሲቀርጽ ፊት አይታይም፤ የሚናገረው የሰውነት ቅርጽ፣ የእግር አጣጣልና የትከሻ ሁኔታ ነው። ይህ በልምምድ ክፍል አይገኝም።

ኃይሌ የምሩጽ ይፍጠርን የሞስኮ ኦሊምፒክ ድል በሬዲዮ ሲሰማ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ጊዜው 1972 ዓ.ም. ነው፤ ምሩጽ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ያጠለቀበት። የኃይሌ አባት ግን ሩጫ የሚባለውን ነገር እንደ ሥራ አልቆጠረውም። ማረስ አለ፣ መማር አለ፤ መሮጥ ምንድን ነው? የፊልሙ ዋና ግጭት ይህ ነው፤ ክፉ ሰው የለበትም። አባትየው ልጁን የሚወድ፣ መሬቱን የሚያምን ገበሬ ነው። በአርሲ ይህን ክርክር ያልሰማ ቤት ጥቂት ይመስለኛል፤ ስለዚህም ትወናው የተዋሰው ከጎረቤት ነው።

ከዚያ የአትላንታ ኦሊምፒክ ይመጣል። እዚህ ላይ ፊልሙ ትወናን ያቆማል። ሐምሌ 22 ቀን 1988 ዓ.ም. የተካሄደው የ10,000 ሜትር ፍጻሜ በእውነተኛው ቀረጻ ነው የሚታየው፤ የቀረጻው ሰው ደግሞ በኦሊምፒክ ፊልሞቹ የታወቀው ባድ ግሪንስፓን ነው። ግሪንስፓን ከአሸናፊው ባልተናነሰ ተሸናፊውን የሚመለከት ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸንፎ ከገባ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ እግሩ ተጎድቶና በፋሻ ታስሮ የገባውን የታንዛኒያውን ጆን ስቲቨን አኳሪን ለዓለም ያስተዋወቀው እርሱ ነው። በአትላንታም ካሜራዎቹ ለኬንያዊው ፖል ቴርጋት ቦታ ሰጥተውታል። ቴርጋት ሳይጠየቅ የፊልሙ ትልቁ ረዳት ተዋናይ ሆነ። ፍጥነቱን ሲጨምር ኃይሌ ከኋላው ተጣበቀበት፤ የመጨረሻው ዙር ሲቃረብ ጥሎት ሄደ። ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ7.34 ሰከንድ፤ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ8.17። ልዩነቱ አንድ ሰከንድ አይሞላም። በአርሲ መስክ የተተወነው ልጅነትና በአሜሪካ ስታዲየም የተሮጠው እውነት የሚጋጠሙት እዚህ ነው፤ ክሩ ሳይበጠስ የተያያዘው ደግሞ ያ ትንሽ ልጅ ቀደም ብሎ ስላሳመነን ነው።

በሌላውም ዓለም ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች ፊልም ተሸክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የጣሊያኑ «የብስክሌት ሌቦች» መሪ ተዋናይ ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፊልሙ ዝናው ዓለምን ሲያዳርስ እርሱ ሥራውን አጣ፣ ኑሮም ከበደው። ከሜክሲኮ ዋሃካ የተገኘችው ያሊትሳ አፓሪሲዮ ደግሞ ለመምህርነት የተማረች ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው «ሮማ» ላይ ተጫውታ ለኦስካር የምርጥ ተዋናይት ዕጩ ሆነች። የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር። ሁለቱም በየአገራቸው የሲኒማ ታሪክ ውስጥ በስማቸው ይጠራሉ። የእኛዎቹ አይጠሩም።

የእኛ ሯጮች ደጋግመው ፊልም ሆነዋል። «ዘ አትሌት» የተሰኘው የአበበ ቢቂላ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2009 ሲወጣ፣ አበበ በ1966 ዓ.ም. ስላረፈ ራሴላስ ላቀው እርሱን ሆኖ መጫወት ነበረበት፤ ዳይሬክተርም ሆኖ ከዴቪ ፍራንክል ጋር ሠርቶታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የጄሪ ሮትዌል «ታውን ኦፍ ራነርስ» ከአሰላ በስተ ደቡብ ወዳለችው በቆጂ ሄዶ፣ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱንና ሁለት ወጣት ሴት ሯጮችን ለዓመታት ተከትሏል። እርሱ ትወና የሌለበት ዘጋቢ ፊልም ነው። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የወጡባት ከተማ ውስጥ ሁሉም ኮከብ እንደማይሆን በግልጽ ያሳያል። «ኢንዱራንስ»ን ያየ ሰው ያንንም ቢያይ ይበጀዋል፤ አንዱ የደረሰውን፣ ሌላው መንገድ ላይ ያሉትን ያሳያል።

ከሁሉም ግን እኔ የማስቀድመው «ኢንዱራንስ»ን ነው። በእንግሊዛዊ ዳይሬክተርና በአሜሪካ ገንዘብ መሠራቱ ልክ ነው። ርእሱም የባዕድ ቃል ነው። ነገር ግን በውስጡ የሚታየው ፊት የአርሲ ነው፤ ቤተሰብ የራሱን ኀዘንና ደስታ ራሱ የተጫወተበት ሌላ የኢትዮጵያ ታሪክ በዚያ ደረጃ ለዓለም ሲኒማ ሲቀርብ አላየሁም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ተመልካች ሳያገኝ ከሲኒማ ቤት ወርዷል። እኛም በወጉ አላየነውም።

ስለዚህ ለአሰላ ሰዎች አንድ ልመና አለኝ። ፊልሙን በአዳራሽ፣ በትልቅ መጋረጃ አሳዩት። በፊልሙ የታዩትን፣ ዛሬ ያሉትን ሁሉ ፊት ለፊት አስቀምጧቸው። መስኩን አቋርጠው ሲያልፉ የተቀረጹትን ገበሬዎች፣ ውኃ ሲቀዱ የታዩትን ሴቶች፣ ከዮናስ ጋር የሮጡትን ልጆች የሚያውቅ ሰው በከተማው አይጠፋም። ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉት፤ ሽማግሌዎቹ ሳሉ።