አሮጌ ኡራልና ከብት፦ መኪናው መንገድ ላይ ሲቆም ከየት ይጀመራል?

መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ሲሚንቶ የጫነ ነጋዴ ጊዜ ያጣል፤ ከብት የጫነ ግን ኪሎም ያጣል። እያንዳንዳቸው 300 ኪሎ የሚመዝኑ 15 በሬዎች ያለ መኖና ያለ ውኃ ቆመው 3 በመቶ ብቻ ቢቀንሱ 135 ኪሎ ሄደ ማለት ነው፤ የግማሽ በሬ ያህል። መካኒክ ከሞያሌ ወይም ከጅግጅጋ እስኪመጣ የሚባክነው ቀን ብዙ ጊዜ ከመለዋወጫው ዋጋ የሚበልጠው ለዚህ ነው።

ከሠራዊት የተወገደ አሮጌ መኪና የሚያዋጣውም ባለቤቱ ወይም ረዳቱ ራሱ ፈትቶ መግጠም ሲችል ነው። ኡራልን እንውሰድ። ጨረታ ላይ መልካቸው የሚመሳሰል ሁለት ዓይነት ይቀርባል፦ ኡራል 375 ቤንዚን ጠጪ ነው፤ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው 4320 ደግሞ ናፍጣ ነው። ቀለሙን ሳይሆን ሞተሩን ከፍቶ ማየት ይገባል። በብዙዎቹ 4320 ላይ ያለው ባለ 8 ሲሊንደር የካማዝ ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ቴስታታ አለው፤ አንዱ ጓርኒሲዮን ቢቃጠል ሌሎቹን ሳይነኩ አንዱን ብቻ ማንሳት ይቻላል።

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ እምቢ ካለ መጀመሪያ ጭስ ማውጫውን ማየት ነው። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣ ሲሊንደር ውስጥ አልደረሰም። ነጭ ጭስ ካለ ደርሷል፣ ግን አልተቃጠለም፤ ያኔ ነገሩ ከበድ ይላል። ደግነቱ በረሃ ላይ በብዛት የሚያጋጥመው የመጀመሪያው ነው፤ መንስኤውም ቆሻሻ፣ ውኃ ወይም አየር ነው።

አየሩ ያታልላል። ከሰርባትዮው እስከ ማቅረቢያ ፖምፓው ያለው ቱቦ ናፍጣ የሚሳብበት ስለሆነ ቢሰነጠቅ ሁልጊዜ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ቱቦው ደረቅ ስለሆነ ብቻ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም። አየሩን ለማስወጣት የፊልትሮው መተንፈሻ ቦሎን ይላላና አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪፈስ ድረስ በእጅ ፖምፓው ይገፋል፤ ከዚያ ይጠብቃል። አሁንም ካልተነሳ የኢንጀክተር ቱቦዎቹ ዳዶ ትንሽ ላልቶ ሞተሪኖው ይዞራል። ፊትና እጅ ይራቁ፦ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በአስቸኳይ ሐኪም ቤት የሚያስሄድ ነው።

ድንበር አካባቢ በበርሜል የሚሸጥ ናፍጣ ውኃና አሸዋ ይዞ ይመጣል። በርሜሉ ሳይነካ ካደረ ሁለቱም ከታች ይተኛሉ፤ ከላይ መቅዳትና የመጨረሻውን መተው ነው። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ የፊልትሮውን ማፍሰሻ ከፍቶ የተጠራቀመውን ውኃ መልቀቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ሲበዛ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኖ እንደሆነ ይታይ። ሞተር ከጋለ ቺንጋውን መፈተሽ፣ ራዲያተሩን ግን እስኪበርድ አለመክፈት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ቴስታታ ይሰነጥቃል። ባትሪው 24 ቮልት ነው፤ ለሬዲዮ ተብሎ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መሳብ ሁለቱንም ያለ ዕድሜያቸው ይጨርሳል።

ፍሬኑ በአየር ይታገዛል፤ ጎማ የሚነፋው ስርዓትም የሚመገበው ከዚያው ኮምፕረሰር ነው። ስለዚህ አንድ ያረጀ የጎማ ቱቦ የፍሬኑን አየር ሊጨርስ ይችላል። ሞተር አጥፍቶ የግፊት መለኪያውን መመልከት፣ ቢወርድ በሳሙና ውኃ ቀዳዳውን መፈለግ ነው። ግፊቱ ካልሞላ ከብት ጭኖ መንቀሳቀስ የለም። መርፌ ፖምፓውን ማስተካከልም የጋራዥ ሥራ ነው፤ መንገድ ላይ አይነካም።

ከመነሳት በፊት አንድ የሰዓት ገደብ መቁረጥ ያዋጣል፤ ሁለት ሰዓት እንበል። በዚያ ጊዜ ካልተነሳ ሌላ መኪና ይጠራል። የቆመ መኪና ላይ ነፋስ ስለማይኖር ሸራው ለጥላ ከላይ ይቅር፣ ጎን ለጎኑ ግን ይገለጥ። ሁለቱ መኪኖች ጀርባ ለጀርባ ሲገጠሙ የኡራል ወለል ከፍ ስለሚል፣ እግር እንዳያንሸራትት እንጨት የተመታበት ወፍራም ጣውላ ከመጀመሪያው ተጭኖ መሄድ አለበት።