ስለ ደረት ውጋትና ስለ አንድ ግብረ እድ

ካይሮፕራክቲክ የሚባለው ሙያ፣ በአሜሪካ በአይዋ ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በምትገኘው በዳቨንፖርት ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1895 ዓ.ም. ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የተባለ በማግኔት እፈውሳለሁ ባይ፣ ሃርቪ ሊላርድ የተባለውን ጆሮው የደነቈረ የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ጀርባውን ተጭኖ መስማቱን መለስሁለት ባለ ጊዜ የተጀመረ ሲሆን፣ ስሙን ሳሙኤል ዊድ የተባሉ ሰባኬ ወንጌል ከቃለ ጽርእ አውጥተውለታል፤ በእኛ አፍ ቢፈታ ከ«ግብረ እድ» አይርቅም። የጆሮውን ነገር ለሚያምኑት ትቼ፣ እኔ የምመሰክረው ስለ ጀርባና ስለ ደረት ውጋት ብቻ ነው።

ከደረታችን በስተኋላ ካሉት 12 የአከርካሪ አንጓዎች 12 ጥንድ የጎን አጥንቶች ይነሣሉ፤ የላይኞቹ 7 ጥንዶች በልም አጥንት ተቀጥለው ፍርምባ ድረስ ይዘልቃሉ። ስለዚህ የኋላው መጋጠሚያ ሲቈጣ ሕመሙ የጎን አጥንቱን ተከትሎ ወደ ፊት ይዞርና፣ ሰውየው ደረቱን ይዞ «ብርድ መታኝ» ይላል።

ባለሙያው መዳፉን ጀርባ ላይ አሳርፎ ድንገት ሲገፋ «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሕዝቡም ከወጌሻ ደጅ እንደ ለመደው፣ የወለቀ አጥንት ወደ ስፍራው ገባ ብሎ እልል ሊል ይቃጣዋል። ዳሩ ግን መጋጠሚያው በከረጢት የታቀፈ፣ ውስጡም እንደ እንቁላል ነጭ የሚያሟልጭ ፈሳሽ ያለበት ስለ ሆነ፣ ሁለቱ አጥንቶች በፍጥነት ሲራራቁ የውስጡ ግፊት ይወድቅና በፈሳሹ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ2015 በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚሳብ ጣትን በኤምአርአይ እያነሡ አሳይተዋል። ጣቱን ያንቋቋ ሰው ያንኑ መጋጠሚያ ደግሞ ለማንቋቋት 20 ደቂቃ ያህል መጠበቅ አለበት፤ ድምፁ የአጥንት መግባት ቢሆንማ ኖሮ ጣታችን በቀን ስንት ጊዜ ይወልቅ ነበር!

እኔ ራሴ በአሜሪካ ሳለሁ፣ ሌሊት ተቀምጦ መጻፍ ያመጣብኝ፣ ከትከሻዬ በታች የተተከለ ውጋት ለወራት እንቢ ቢለኝ፣ ሐኪም መርምሮ «ልብህ ደኅና ነው» ብሎ ካሰናበተኝ በኋላ ወደ አንድ ጐልማሳ ባለሙያ ሄድሁ። ለ3ኛ ጊዜ ስሄድ ድምፅ አልሰማሁምና ገንዘቤን የተበላሁ መስሎኝ «ዛሬ አልገባም?» ብለው፣ «መቼ ወጣና!» አለኝ፤ ቀጥሎም በየማለዳው በወንበር መደገፊያ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጬ አሥር ጊዜ በጥልቅ እንድተነፍስ አዘዘኝ። ውጋቱ በሳምንታት ለቀቀኝ፤ ያስለቀቀው የእርሱ እጅ ይሁን የእኔ ትንፋሽ ግን እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

የልጅ ልጃቸውን ጀርባቸው ላይ አቁመው የሚያስረግጡ አረጋውያን ይታገሡኝ፤ በዕድሜ የሳሳ አጥንት በዚያ ይሰበራል። ከሁሉም በላይ፣ ደረትን ጨምቆ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር የተከተለው ሕመም የልብ ሊሆን ይችላልና፣ ብርድ ነው እያላችሁ አትቀመጡ፤ በቶሎ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ የጀርባው ነገር ኋላ ይደርሳል።