ዛፉ ምን አስቀርቶ ነው የሚጥለው?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ከኦክቶበር ማብቂያ ጀምሮ የቅጠል ባለዕዳ ነው። ቱሊፕ ፖፕላሩ ቀድሞ ያራግፋል፣ ሜፕሉ ይከተላል። ኦኩ ግን ግትር ነው፤ ሌላው ሁሉ ጨርሶ ሬኩ ጋራዥ ከገባ በኋላም እስከ ዲሴምበር እየቆጠበ ይጥላል።

አብዛኛው ሰው ጠርጎ ከርብ ላይ ይቆልለዋል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ መኪና መጥቶ በወፍራም ቱቦ ይመጠዋል፤ ከዚያ ዲከርሰን ተወስዶ ኮምፖስት ይሆንና ሊፍግሮ በሚል ስም በከረጢት ታሽጎ ይሸጣል። በጸደይ ያው ሰውዬ መኪናውን አስነሥቶ ሄዶ ይገዛዋል። በነፃ የሸኘውን በገንዘቡ!

አገር ቤት ኅዳር 12 ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚታጠነው እዚህ ቅጠሉ በሚረግፍበት ሰሞን ስለሆነ፣ እጁ ወደ ክብሪት የሚሄድ ወገንም አይጠፋም። ተዉ፤ በካውንቲው ቅጠል ማቃጠል ክልክል ነው። እርግጥ ልማዳችን ነው፤ እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጠርጎ በጀርባ ይወርድና እንጀራ ይጋገርበታል። ስለ ወደቀ ቅጠል ያለን ዕውቀት በአመዛኙ የእሳት ዕውቀት ነው። እኔ ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው ግን እሳት ሳይነካው፣ ሙቀት እንኳ ሳይኖረው፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚበስለውን የቅጠል ብስባሽ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የዶሮ ቤት ሽቦ አንድ ሜትር ያህል ስፋት እንዲኖረው በክብ ያቆሙና ቅጠሉን እየረገጡ ይሞሉታል፤ በደንብ ያርሱትና አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይተዉታል። አስቀድሞ የሣር ማጨጃ ማሽን የተነዳበት ቅጠል ቶሎ ይደርሳል። ሽቦ የሌለው ጥቁር ፌስታል እዚህም እዚያም በስቶ ይጠቀማል። ደረቁን ቅጠል በፌስታል ጥርቅም አድርጎ አስሮ “አልበሰበሰልኝም” የሚል ሰው ግን ያናድደኛል። ውሃ ሳይነካው በምን ይበስብስ?

ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሰዎችን “ይኼ እኮ ፍግ አይደለም” ብሎ ማሳመን ነው። የበሰበሰ ነገር ሁሉ ማዳበሪያ ይመስለናል። የቅጠል ብስባሽ በዚያ ዓይን ሲታይ ሰነፍ ነው፤ ጎመን ላይ አድርገውት በሳምንቱ ለውጥ የሚጠብቁ ሰዎች ተቀይመውት ይቀራሉ። ጥፋቱ የብስባሹ አይደለም። ዛፉ ቅጠሉን ከመጣሉ በፊት ያደረገውን ስለማናውቅ ነው።

ዛፍ ቅጠሉን ዝም ብሎ አይጥልም። ቀኑ ሲያጥር አረንጓዴውን ክሎሮፊል ማፍረስ ይጀምራል፤ የቅጠሉንም ፕሮቲን ይፈታታና ናይትሮጂኑንና ፎስፈረሱን ወደ ቅርንጫፍ፣ ወደ ግንድና ወደ ሥር ይመልሳል፤ ግማሽ ያህሉን፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ። ቱሪስት በአውቶቡስ መጥቶ ፎቶ የሚያነሣው ቢጫ ቀለም ድሮም ቅጠሉ ውስጥ ነበረ፤ አረንጓዴው ሲሄድ ተገለጠ እንጂ አዲስ አልመጣም። ቀዩን ግን ዛፉ በዚያው ሰሞን ያመርተዋል። ንብረቱን አስገብቶ ሲጨርስ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው ስስ የሴሎች ንብርብር ይላላል፣ ቁስሉም ይታሸጋል። ከዚያ በኋላ ነፋስ ሰበብ ብቻ ነው።

ስለዚህ ግቢያችን ላይ የሚወርደው በብዛት ካርቦን ነው፤ ሴሉሎስና እንጨትን እንጨት የሚያደርገው ሊግኒን። ካልሲየም አንዴ ቅጠል ከገባ ወደ ኋላ ስለማይመለስ እሱም አብሮ ይወርዳል። በደረቅ ቅጠል ውስጥ ለአንድ እጅ ናይትሮጂን ከ40 እስከ 80 እጅ ካርቦን አለ። የሚግለውን ኮምፖስት የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ የሚወዱት ከ25 እስከ 30 እጅ ያህል ሲሆን ነው። ቅጠል ብቻውን ተከምሮ የማይሞቀው ለዚህ ነው። ሥራው የፈንገስ ነው፤ ፈንገስ ሊግኒንን ይችለዋል፣ ግን አይቸኩልም። ክምሩን በጸደይ ገለጥ ብታደርጉት ቅጠልን ከቅጠል የሰፋ የሚመስል ነጭ ክር ታያላችሁ። ሻገተ ብላችሁ እንዳትደፉት! ሠራተኛው እሱ ነው። መቸኮል የፈለገ የጀበናውን የቡና አተላና የታጨደ እርጥብ ሣር ይቀላቅልበት፤ ይሞቅለታል፣ የሚያገኘው ግን ሌላ ነገር፣ ኮምፖስት ነው።

ጋሼ የምላቸው አንድ ጎረቤቴ በሜይ ጎመናቸው ቢጫ ሆኖ አጥር ላይ ጠሩኝ።

“ይኼ ኦክ የሚሉት ዛፍ አፈሬን አሲድ አደረገብኝ። ኖራ ልነስንስበት ነው።”

“ጋሼ፣ ቅጠሉን መቼ ቀበሩት?”

“ባለፈው ወር ነዋ፤ አፍኜ ነው የቀበርኩት!”

በአካፋ ጫፍ ገለጥ ስናደርገው ቅጠሉ ገና ቅርጹን አልለቀቀም፤ የደም ሥሩ ሳይቀር ይቆጠራል። ኦክ አፈር ያኮመጥጣል የሚለው ወሬ በዚህ አካባቢ ከአጥር አጥር ይዞራል። ገና የወደቀ የኦክ ቅጠል ትንሽ አሲድነት እንዳለው እውነት ነው፤ ሲበሰብስ ግን ያ እየለዘበ ይሄዳል። የጋሼን ጎመን የጎዳው ርሃብ ነው። ቅጠሉን የሚያፈርሱት ተሐዋስያን በውስጡ የሚበቃ ናይትሮጂን ሲያጡ ከአፈሩ ይወስዳሉ፣ ጎመኑ ጦሙን ያድራል። ያው ቅጠል አፈር ላይ ቢነጠፍ ኖሮ ጉዳት አልነበረውም። ጋሼ ኖራውን ትተው ፍግ አደረጉበት፤ ጎመኑ ተመለሰ።

ታዲያ ፍግ ካልሆነ ለምን ይጠቅማል? ለውሃ። የደረሰ ብስባሽ ጥቁር ቡናማ ነው፤ በእጅ ሲጨብጡት እንደ ስፖንጅ ጭምቅ ይላል፣ ሲለቁት ይበተናል፣ ሽታውም ዝናብ የመታው ጫካ ነው። ከክብደቱ በላይ ውሃ ይይዛል። የዚህ አካባቢ ሸክላማ አፈር በክረምት ጭቃ፣ በጁላይ ጡብ ነው፤ ብስባሹ ሲገባበት ይላላል፣ ሥርም ይሄድበታል። በወንፊት ተነፍቶ የበሶብላ ፍሬ ቢዘራበት ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው፤ ደቃቅ ቡቃያ ብርቱ ማዳበሪያ አይወድም።

ሁሉንም ቅጠል መሰብሰብም አያስፈልግም። በጁን ማታ ሣሩ ላይ ብልጭ ድርግም የሚሉት በራሪ ነፍሳት ክረምቱን የሚያሳልፉት ገና እጭ ሆነው በአፈርና በወደቀ ቅጠል ሥር ነው። ከአጥር ሥርና ከቁጥቋጦ ሥር ያለውን ተዉላቸው። አስፋልት ላይ መግፋት ግን ነውር ነው። የጎርፍ መውረጃውን ይደፍናል፤ ዝናብ ዘፍዝፎ የሚያወጣው ፎስፈረስም በስላይጎ ክሪክ ወደ አናኮስቲያ፣ ከዚያ ፖቶማክን ይዞ ቼሳፒክ ይገባና አልጌ ያፋፋል። እሑድ ጠዋት በቤንዚን ብሎወር ሰፈር የሚቀሰቅሱትን በተመለከተ ሕጉ ቀድሞኛል፤ ዲሲ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ፣ ሞንትጎመሪ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ከልክለውታል።

የራሱ ቅጠል ያላጠገበው ጎረቤት ያወጣውን የወረቀት ከረጢት አስፈቅዶ ይውሰድ፤ እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው። ብላክ ዋልነት ካለበት ግቢ ግን አይውሰድ፤ ያ ዛፍ ጁግሎን የሚባል ለቲማቲም መርዝ የሆነ ነገር አለው። ከረጢቱንም አንሥቶ ይመዝነው። ደረቅ ቅጠል ቀላል ነው፤ ከከበደና ቤቱ ውስጥ ውሻ ካለ፣ ሳይከፍት ወደ ቦታው ይመልሰው።