የሚስማር ቀዳዳ ፊዚክስ፦ የኪራይ ቤት ከማስረከባችን በፊት

በመስቀል ፍላወር አካባቢ፣ እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ፣ ብዙ ሰው በኪራይ ቤት ይኖራል። ተከራይ ቤት ሲለቅ ከአከራዩ ጋር ክፍሎቹን እየተዘዋወረ ያስረክባል። በዚህ ጊዜ የሥዕል፣ የመጋረጃና የመደርደሪያ ሚስማር ጥሎአቸው የሄደ ቀዳዳዎች የክርክር መነሻ ይሆናሉ፤ በመያዣ የተሰጠ ገንዘብ ካለም ከእርሱ ላይ ይቀነሳል። ይህ ለተማሪም ሆነ ለጀማሪ ሠራተኛ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ይሁንና በችኮላ የተደፈነ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል ወይም ከሩቅ ይለያል። ለመሆኑ ምክንያቱ ምንድን ነው?

ግድግዳ ውኃ ይጠጣል

ብሎኬትም ሆነ የሲሚንቶ ልስን በዓይን በማይታዩ ረቂቅ ክፍተቶች የተሞላ ነው። የኩራዝ ክር ላምባውን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ፣ እነዚህ ክፍተቶችም ውኃን ይስባሉ። የስበቱን መጠን እናስላ። የውኃ የገጽ ውጥረት በሜትር 0.072 ኒውተን ያህል ነው። የክፍተቱ ሬዲየስ አንድ ሚሊዮንኛ ሜትር ቢሆንና ውኃው ገጹን በሚገባ ቢያርስ፣ የስበቱ ግፊት የገጽ ውጥረቱ ሁለት እጥፍ ለሬዲየሱ ሲካፈል የሚገኘው፣ ማለትም 144 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። ይህም በአዲስ አበባ ካለው የከባቢ አየር ግፊት ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። እንግዲህ በደረቅ ቀዳዳ ውስጥ የገባ እርጥብ መድፈኛ ውኃውን ወዲያው ይነጠቃል ማለት ነው።

ጀሶ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም

ስሙን ከጣሊያንኛ የወሰድነው ጀሶ የሚሠራው በዓባይ ሸለቆ፣ በጎሃ ጽዮን አካባቢ ጭምር ከሚገኝ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በ150 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲጋገር በውስጡ ካለው ውኃ ሦስት አራተኛውን ያጣል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቯዚዬ በ1765 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት፣ ዱቄቱ የሚጠነክረው ያጣውን ውኃ መልሶ ሲወስድ መሆኑን አሳየ። በዚህ ጊዜ መርፌ መሰል ክሪስታሎች ያድጉና እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። ግድግዳው ውኃውን ቀድሞ ከጠጣው ግን ክሪስታሎቹ በቅጡ ሳያድጉ ይቀራሉ፤ ድፍኑም በጣት ሲነካ እንደ ጠመኔ ይረግፋል።

ጀሶ ሲጠነክር በጥቂቱ ያብጣል፤ ስለዚህ ቀዳዳውን አጥብቆ ይይዛል። የሲሚንቶ ልስን ግን ሲደርቅ ስለሚኮማተር ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል። በሌላ በኩል ጀሶ በጥቂቱም ቢሆን በውኃ ስለሚሟሟ ለመታጠቢያ ቤት አይሆንም። ለጭቃ ቤት ደግሞ ጭድ የገባበት ጭቃ ይሻላል፤ ሲሚንቶ ከጭቃው ጋር እኩል ስለማይለጠጥና ስለማይኮማተር ውሎ አድሮ ይላቀቃል።

አሠራሩ

ከሁሉ አስቀድሞ ከአከራዩ ጋር መነጋገር ይገባል። ከዚያም ሚስማሩንና ፕላስቲኩን እናወጣለን፤ የላላውን እንፍቃለን፤ አቧራውን በብሩሽ እናጸዳለን። ማብሪያና ማጥፊያ ወይም ሶኬት አጠገብ ከሆነ አስቀድመን ኤሌክትሪኩን እናጠፋለን። ቀዳዳውን በውኃ አርሰን፣ ውኃ እንዳያቆር ጥቂት እንጠብቃለን። ጀሶው በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጠነክር በትንሽ በትንሹ እናቡካለን፤ መጠንከር ከጀመረ በኋላ ውኃ መጨመር የተቆላለፉትን ክሪስታሎች ማፍረስ ነው። ጥልቁን ቀዳዳ በሁለት ዙር እንሞላለን። ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት እናለሰልሳለን፤ አፍና አፍንጫችንንም እንሸፍናለን።

ጎባጣን የሚያጋልጥ ብርሃን

ድፍኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢያብጥ፣ በ45 ዲግሪ የሚመጣ ብርሃን የሚጥለው ጥላ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ግድግዳውን ታኮ በ5 ዲግሪ ሲመጣ ግን ጥላው ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ማታ የማይታይ ጎባጣ በጠዋት ፀሐይ የሚጋለጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከመቀባታችን በፊት የእጅ ባትሪ ከግድግዳው ጎን አስጠግተን እንፈትሽ። አዲሱ ድፍን ቀለም አብዝቶ ስለሚጠጣ መጀመሪያ ስስ ቀለም እናልብሰው። የቀድሞው ቀለም በፀሐይና በጭስ ስለሚለወጥ፣ ከተቻለ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ መቀባት ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ለትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። እየሰፋ የሚሄድ አግድም ወይም ሰያፍ ስንጥቅ ካየን በጀሶ ልንሸፍነው አይገባም፤ የሕንፃው መንቀሳቀስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለባለቤቱ መናገር ግዴታችን ነው።